ጊዜ ስለማይሽረው በደል

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚጽናናባቸው ነገሮች ሁሉ ጊዜን የሚያህል የለም። ኀዘን የደረሰበትን ወዳጃችንን ልናስተዛዝን ስንሄድ «ጊዜ ይሽረዋል» እንለዋለን። ሁለት ወንድማማች በርስት ቢጣሉ «ቀን ይለፍ፥ ልባቸው ይብረድ» ብለን እንጠብቃለን። በጓሮ የተጣለ ጥራጊ እንኳ ክረምት ሲገባ ይበሰብሳል፥ አፈር ይሆናል፥ ጎመንም ይበቅልበታል። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ሥነ ምግባር ሳናስተውለው የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው፤ ይኸውም ጥፋት ቢሠራ ጊዜ ያደበዝዘዋል፥ ካሣና ይቅርታ ይከተሉታል፥ በመጨረሻም ይረሳል የሚል ነው።

ነገር ግን ጊዜ የማይሽረው በደል ቢኖርስ? በዳዩ ከሞተ፥ ስሙ ከተረሳ፥ የልጅ ልጆቹም ካለፉ በኋላ ሳይደበዝዝ የሚቀር ጥፋት ቢገኝ፥ ስለ እርሱ ያለብን ኃላፊነት ምን ዓይነት ነው? ያ ነገር ደግሞ በዓይን የማይታይ፥ በአፍንጫ የማይሸት፥ በእጅም የማይዳሰስ ቢሆን ኃላፊነቱ ይቀንሳልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስል ግን ማንም መንገደኛ ሊያየው ከሚችለው ከአንድ ተራ ነገር እንጀምራለን።

ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ቡራዩ ላይ፥ ከመንገዱ ዳር ካሉት አነስተኛ የጥገና ቤቶች በአንደኛው ደጃፍ ቆመን ነበር። አንድ ወጣት ሠራተኛ አሮጌ ፍሪጅ ከግድግዳ ላይ አስደግፎ፥ ከጀርባው ያለውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ በፒንሳ ሲቆርጠው «ፉሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጥቂትም ሳይቆይ ጸጥ አለ። «ወንድሜ፥ አሁን የወጣው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅነው። «ጋዙ ነው ጋሼ፤ ምንም አይደለም፥ ይበናል» ሲል በትሕትና መለሰልን። ወጣቱ አልዋሸንም፤ ሥራውን ያስተማሩት ሰዎች የነገሩትን ነው የደገመልን።

«ይበናል» የሚለው ቃል ግን ከአእምሯችን ሳይወጣ ቀረ። ውሃ ይበናል፤ ነገር ግን ደመና ሆኖ ይመለስና በገፈርሳ ግድብ ላይ ይዘንባል። ጢስም ይበናል፤ ጥቀርሻውን ግን የክረምት ዝናም ያጥበዋል። ይህኛው ጋዝ ወዴት ይሄዳል? የሚያጥበውስ የትኛው ዝናም ነው?

የነገሩ ሥር ፍሎሪን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ በብዛት እየተገኘ የልጆችን ጥርስ የሚያወይበውና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎራይድ የእርሱ ዘመድ ነውና። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ፍሎሪንን ከካርቦን ወይም ከሰልፈር ጋር ሲያጣምሩት የሚገኙት ጋዞች በጽናታቸው የታወቁ ናቸው። ብዙዎቹ በቀላሉ አይነዱም፥ ከሌላ ነገር ጋር አይዋሐዱም፥ ሰውንም አይመርዙም። ለብዙ ሥራ የተመረጡትም ስለዚሁ ጽናታቸው ነው። ኤች.ኤፍ.ሲ. የሚባሉት በፍሪጅና በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሞላሉ። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ደግሞ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የሚነሣውን ብልጭታ ለማጥፋት ያገለግላል።

አዲስ አበባን እንደ መቀነት የከበቧት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ፥ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት፥ ከዚህ ነገር ጋር ከምናስበው በላይ የተሳሰሩ ናቸው። ከግልገል ጊቤ ሁለት የሚነሣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው በሰበታ ነው፤ ከጣና በለስ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው በሱሉልታ ነው፤ የፊንጫ መስመር ደግሞ ከቡራዩ አጠገብ ወደ ገፈርሳ ይደርሳል። ዋና ከተማዋ መብራት የምታገኘው በእነዚህ በሮች ነው ማለት ይቻላል። በመላው ዓለም እንዲህ ባሉ የማከፋፈያ ጣቢያዎች፥ የኃይል መቁረጫ መሣሪያዎቹ በተለምዶ የሚሞሉት በዚሁ በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነው። ጋዙ ከመሣሪያው እስካልወጣ ድረስ ማንንም አይጎዳም፤ ይልቁንም የሠራተኛውን ሕይወት ይጠብቃል፥ የሆስፒታሉን መብራት ያጸናል። ስለዚህ ክፉ ነው ብለን ልንረግመው አይገባንም። ክፋቱ የሚጀምረው ከቤቱ ሲወጣ ነው።

ከቤቱ የወጣ እንደ ሆነ ግን እንዲህ ይሆናል። አንድ ኪሎ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ በመቶ ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 24,000 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። ዝናም አያጥበውም፥ ዛፍ አይስበውም፥ አፈርም አይቀበለውም፤ ሊያፈርሰው የሚችለው ከምድር እጅግ ርቆ በላይኛው ሰማይ ያለው ኃይል ብቻ ነው። በአየር ውስጥ የሚቆይበትም ዘመን በአማካይ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይገመታል። በላሊበላ አለት በሚፈለፈልበት ዘመን አንድ ሲሊንደር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፥ ከውስጡ ከወጣው ጋዝ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ከራሳችን በላይ በተንሳፈፈ ነበር። በአሉሚኒየም ማቅለጫ የሚወጣው ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ደግሞ 50,000 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ይህም የሰው ልጅ መጻፍ ከጀመረበት ዘመን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። በቡራዩ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ኤች.ኤፍ.ሲ. 134ኤ ከሆነ ዕድሜው 14 ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም መቶ ግራም ብትሆን እንኳ ከ150 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የምትመዛዘን ናት።

እንግዲህ «ጊዜ ይሽረዋል» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ ይከዳናል። አባቶቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሲሉ ሊመለስ ስለማይችል ነገር መናገራቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ የፈሰሰ ውሃ ቢያንስ መሬት ያጠጣል። ይህ ግን የትም አይጠልቅም። ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ መጸጸት ጋዙን ወደ ሲሊንደሩ አይመልሰውም፤ ካሣ ቢከፈልም ከሰማይ ላይ አንዲት ቅንጣት አይቀነስም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በሚገኝበት ሁሉ ንስሓ ከጥፋቱ በፊት መቅደም አለበት ብለን እናምናለን። ከጥፋት በፊት የሚደረግ ንስሓ ስሙ ጥንቃቄ ነው። ሌላውን በደል በኋላ ልናስተካክለው ስለምንችል ጥንቃቄ የብልኅ ሰው ጌጥ ሆኖ ይታያል፤ በዚህኛው ግን ከግዴታዎች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ነገር ግን ሰው ላላየው ነገር እንዴት ይጠነቀቃል? እዚህ ላይ ነው ልክና ሚዛን የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆኑት። ሊቃውንቱ እነዚህን ጋዞች የሚቆጥሩት በትሪሊዮን አየር ውስጥ ስንት ይገኛል እያሉ ነው። ትሪሊዮን ማለት ሚሊዮን በሚሊዮን ሲባዛ ነው። በእኛ አገር መስፈሪያ እናስበው፦ አንድ ትሪሊዮን የጤፍ ቅንጣት ወደ 3,000 ኩንታል ይመዝናል። በዚህ ሁሉ ጤፍ ውስጥ ዐሥራ አንድ የጥቁር ጤፍ ቅንጣቶች ተቀላቅለው ቢሆን ፈልጎ የሚያገኛቸው ማን ነው? ዛሬ በአየር ውስጥ ያለው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከዚህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ግን አንድ ቅንጣት እንኳ አይሞላም ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመቶች የምንጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው።)

ዓይን የማያየውን ማንበብ እንዴት እንደሚቻል ለማስረዳት ከሰበታ ራቅ ብለን መሄድ አያሻንም። በዚያች ከተማ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች በጣታቸው ጫፍ መጽሐፍ ሲያነቡ ያየ ሰው፥ ማየት የዓይን ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ብርሃን ያልደረሰበትን ጣት ይደርስበታል። ጋዞቹን የሚለካው መሣሪያም የሰው ልጅ ለአየር የሠራው ጣት ነው። አየሩ ይሳባል፥ ከዜሮ በታች እስከ 165 ዲግሪ ድረስ በቀዘቀዘ ወጥመድ ውስጥ ያልፋል፥ የተያዘው ጋዝ ቀስ በቀስ እየሞቀ ተራ በተራ ይለቀቃል፥ ከዚያም እያንዳንዱ በክብደቱ ይለያል።

ሚዛን ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ይህን የሚያስተምር አንድ ታሪክ አለ። ጄምስ ላቭሎክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1957 እጅግ ጥቂት የሆነን ጋዝ የሚያገኝ መሣሪያ ሠራ። በ1971 እና በ1972 በመርከብ ከእንግሊዝ አገር እስከ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ፥ በማቀዝቀዣና በመርጫ ቆርቆሮ ውስጥ ይሞላ የነበረውን ሲ.ኤፍ.ሲ. 11 በሰው አልባ ውቅያኖስ ላይ ሳይቀር አገኘው። ልኩ ትክክል ነበር፤ ጋዙ አደጋ ያመጣል ብሎ ግን አላሰበም፥ ይህንኑም ጻፈ። በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሸርዉድ ሮውላንድ የተባሉት ሊቃውንት «እንግዲያው ይህ የማይጠፋ ነገር መጨረሻው የት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን ኦዞን እንደሚያጠፋ አስረዱ። በ1985 በደቡብ ዋልታ ላይ የኦዞኑ መሳሳት ተገለጠ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። አንዱ ቆጠረ፥ ሌሎቹ የተቆጠረው ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ዓለምን ያዳነው የሁለቱ መገናኘት ነው። ያልቆጠረ ሰው መጠየቂያ የለውም፤ ቆጥሮ የማይጠይቅ ደግሞ ቁጥሩ ከንቱ ይሆንበታል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአውስትራሊያ ታስማኒያ ደሴት ላይ ኬፕ ግሪም በተባለው ቦታ፥ ከ1978 ጀምሮ ንጹሕ የውቅያኖስ አየር በብረት ሲሊንደር እየተሞላ ይቀመጣል። ያን ጊዜ አየሩን የሞሉት ሰዎች የኋላ ተመራማሪዎች ምን እንደሚፈልጉበት አያውቁም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አዳዲስ ጋዞች ሲታወቁ፥ የዱሮው አየር ተከፍቶ ጋዞቹ መቼ እንደ ተጀመሩና እንዴት እንደ በዙ መሰከረ። ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ማስቀመጥ፥ ላልተወለደ ዳኛም ምስክር ማቆየት፥ ከታማኝነት ሁሉ የላቀ ታማኝነት ይመስለናል። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንባብያን የዚህን ነገር ትርጉም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

መዝገብን ካነሣን ዘንድ የጽሑፋችንን ዋና ነገር እንናገር። እነዚህ ጋዞች በሁለት መንገድ ይቆጠራሉ። አንደኛው በመዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ አገር ስንት ኪሎ አስገባ፥ ስንት ተጠቀመ፥ ስንት አፈሰሰ እየተባለ በጽሕፈት ቤት ይደመራል። ሁለተኛው በአየር ነው፤ የሰማዩ ራሱ ይለካል። ሁለቱ የተስማሙ እንደ ሆነ ጸሐፊው ታማኝ ነው። ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን የሚዋሸው አየሩ አይደለም።

ይህም በተግባር ታይቷል። ሲ.ኤፍ.ሲ. 11 ማምረት ከ2010 ጀምሮ በዓለም ሁሉ የተከለከለ ነበር፤ በመዝገቡም የምርቱ ልክ ዜሮ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ2018 ግን ሰማዩን የሚለኩ ሊቃውንት፥ ከ2012 ወዲህ በየዓመቱ 13,000 ቶን ያህል ተጨማሪ ጋዝ እየወጣ መሆኑን አስታወቁ። በማግሥቱ ዓመት በኮሪያ ጎሳን እና በጃፓን ሃቴሩማ ከሚገኙት ጣቢያዎች በተገኘው ልክ፥ ከጭማሪው ብዙው ከምሥራቅ ቻይና፥ ይልቁንም ከሻንዶንግ እና ከሄቤይ ክፍላተ አገር እንደሚመጣ ታወቀ። ቁጥጥር ተከተለ፤ በ2021 በወጡት ጥናቶችም ልቀቱ በእጅጉ እንደ ወረደ ተገለጠ። በስውር ጋዙን ያመረተው ሰው መርማሪውን ፈርቶ ይሆናል፥ መዝገቡንም አሳምሮ ይሆናል፤ ነፋሱ ግን ምስጢሩን ተሸክሞ ባሕር ተሻገረ። በዱሮ ዘመን «እግዜር ያያል» ተብሎ ሰው ከስውር ኃጢአት ይታቀብ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያንን የማይሰማው ሰው እንኳ ነፋስ እንደሚመሰክርበት ይወቅ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ እኛም ልንሸሸው አንፈልግም። «ይህ የሀብታሞች ዕዳ ነው። እኛ ስንት ፍሪጅ አለን? ስንትስ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሠርተናል?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። እነዚህ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጋዞች በዓለም አየር ውስጥ ስለሚዋሐዱ፥ አንድ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ከሩቅ አገር የተለቀቀውን አብሮ ይተነፍሳል። ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ከአለት ቀስ እያለ በተፈጥሮ ስለሚወጣ ከፋብሪካ ዘመን በፊት በትሪሊዮን 34 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ85 በላይ ነው። የሱሉልታ ባላገር ለዚያ ጭማሪ አንዳች አላዋጣም፤ ይሁንና በራሱ ላይ ተጭኗል። በዚህ ፍርድ ውስጥ ብዙ ያፈሰሰ ብዙ መሸከም እንዳለበት አያጠራጥርም።

ነገር ግን «የእኔ ጥቂት ነው» የሚለው ቃል መላውን ሰማይ የሞላው ቃል መሆኑን እናስተውል። እያንዳንዱ ፋብሪካ፥ እያንዳንዱ ጥገና ቤት የራሱ ጥቂት መስሎት ነበር። ዐሥራ አንዱ የጤፍ ቅንጣቶች የተለቀሙት ከእነዚህ «ጥቂቶች» ነው። ደግሞም ድኻ መሆናችን ሌላውን ለመክሰስ መብት ቢሰጠንም፥ የራሳችንን ላለመቁጠር ፈቃድ አይሰጠንም። የማይቆጥር ከሳሽ በየትኛው ችሎት ይሰማል? ከዚህም በላይ ነገራችን እያደገ ነው። በ2016 የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ ተነሣ፤ በ2025 የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ መስመሩ ይበዛል፥ ጣቢያው ይጨምራል፥ የወተቱም የመድኃኒቱም ማቀዝቀዣ ይበረክታል። እንዲሁም ሊሆን ይገባል። ብርሃኑ ከንጹሕ ውሃ ተወልዶ ሳለ በበሩ ላይ ግን ሺህ ዓመት የሚኖር ጋዝ እንዳያፈስ መጠንቀቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

አገራችን በዚህ ነገር ቃል የሌላት አይደለችም። በ1994 የሞንትሪያልን ስምምነት ተቀብላለች፤ በ2016 በኪጋሊ የተጨመረውን፥ ኤች.ኤፍ.ሲ.ን እንዲቀንሱ የሚያዝዘውን ማሻሻያም በ2019 አጽድቃለች። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ግን በኪጋሊው ማሻሻያ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ጥበቃው ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በጣቢያው ሠራተኛ ሕሊናና በመዝገቡ እውነተኛነት ላይ ነው። ሰማይን ማንበብም ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፀሐይን ብርሃን ተንትኖ ከራሳችን በላይ ያለውን ኦዞንና ሌሎችን ጋዞች የሚያነብ መሣሪያ ተተክሎ ነበር፤ ከዚያም የተገኘው ውጤት በዓለም ሊቃውንት ፊት ቀርቧል።

ስለዚህ ለባለሥልጣኑ የምንለው ይህ ነው፤ ሲሊንደር ሲገባና ሲወጣ ይመዘን፥ የጎደለውም ልክ በመዝገቡ ላይ ሳይሸፋፈን ይጻፍ። ጎደለ ብሎ የጻፈ ሠራተኛ የሚቀጣበት ቤት ውሸትን ያስተምራል፤ እውነቱን ስለ ጻፈ የሚከበርበት ቤት ግን ቀዳዳውን ይደፍናል። ለመምህሩ የምንለው፥ ተማሪው የትሪሊዮንን ልክ በጤፍ ቆጥሮ ይረዳ ዘንድ ያስተምረው። ለተማሪው የምንለው ደግሞ፥ የማይታየውን የሚለካ ሰው ከወታደር ባልተናነሰ አገሩን የሚጠብቅ መሆኑን ያስብ።

ያን የቡራዩን ወጣት እንደ ጥፋተኛ አድርገን አናየውም። ጋዙን ወደ ዕቃ የሚመልስበት መሣሪያ አልተሰጠውም፥ የጋዙንም ዕድሜ የነገረው የለም። ያላወቀ ሰው በደል ከነገረው ይልቅ ዝም ባለው ላይ ይከብዳል፤ እንግዲህ ይህን ያወቅን እኛ ነን ባለዕዳዎቹ። በሌላ ቀን በዚያው መንገድ ስናልፍ ልንነግረው ያሰብነው ቃል አጭር ነው፦ «ወንድሜ፥ አይበንም፤ ይቀመጣል።»